የተሸበሸበ የውጅግራ አረር

ለአያትዎ ውጅግራ፣ ለዚያ የድሮ ጠመንጃ፣ ያፈሰሱት የእርሳስ አረር ገጹ እየተሸበሸበ የወጣብዎት እንደ ገመቱት እርሳሱ ቆሻሻ ስለሆነ ሳይሆን የቀለጠው እርሳስ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ ማውጫ ስለቀዘቀዘ ነው፤ በመንዝ ብርድ ደግሞ ብረት ቶሎ ይቀዘቅዛል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢቀልጥም ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ቅርጹን ሳይሞላ ይረጋል።

ስለዚህ ቅርጽ ማውጫውን አስቀድመው ከእሳቱ አጠገብ ያሙቁት፤ የመጀመሪያዎቹን አረሮችም ሳይሳሱ መልሰው ያቅልጧቸው። ገጹ ለስልሶ፣ የቂጡ ጠርዝ ስል ሆኖ ሲወጣ ሙቀቱ በቅቷል። ውርጭ እንደ መታው ከነጣ ግን በዝቷልና ጥቂት ይታገሡ።

ሜዳ ያደረ ቁራጭ እርሳስ ሳያደርቁ ከቀለጠው ላይ አይጨምሩ። ጤዛው በቅጽበት ተንኖ የቀለጠውን እርሳስ ከድስቱ አፍ ሲያስፈነጥረው አይቻለሁ፤ ዓይን ላይ ካረፈ ሊያሳውር ይችላል።