ጎራዴውን አትወልውሉት

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የአያቱ ጎራዴ ነው። ነጭ አንሶላ ላይ አጋድሞ አንስቶታል። ያብረቀርቃል፣ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው። ከሥሩ «ጋሼ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ነው እንዲህ ያጠራሁት። ስንት ያወጣል?» ይላል።

ምን ብዬ እንደምመልስለት ጨነቀኝ። ልጁ በቅን ልቦና ነው ያደረገው፣ አያቱን ያከበረ መስሎት ነው። እኔም በሱ ዕድሜ ሳለሁ ያንኑ አድርጌያለሁና ይህችን ደብዳቤ ለሱ ብቻ ሳይሆን አሮጌ ቢላዋ፣ ጩቤና ጎራዴ መሰብሰብ ለጀመራችሁ ልጆች ሁሉ ልጽፋት ወሰንኩ።

የብረት ሥራ መምህር ነበርኩ። 32 ዓመት ወርክሾፕ ውስጥ ሞረድና መዶሻ ሳስይዝ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ቤቴ ውስጥ ዛሬ አርባ ምናምን ስለት አለ። ውድ የሚባል እምብዛም የለበትም። ከማጀት የወጣ ካራ፣ ከገበያ የተገዛ ጊሌ የሚባል የአፋር ጩቤ፣ እጀታው የተሰነጠቀ ጎራዴ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነው።

የኔን ልንገራችሁ። በ1971 ክረምት ነው፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ደብረ ብርሃን ቤታችን ግድግዳ ላይ የአያቴ ጎራዴ ተሰቅሎ ነው ያደግኩት። ጠቁሯል፣ ሰገባው ተኮማትሯል፣ ማንም አይነካውም። እኔ ደግሞ ብረት ሥራ መማር ጀምሬያለሁ፣ እጄን ይበላኛል። ብርጭቆ ወረቀት አምጥቼ ተያያዝኩት። መጀመሪያ በሻካራው፣ ከዚያ በለስላሳው። ከእጀታው አንድ ስንዝር ያህል ወረድ ብሎ ጥቁሩ ሲነሳ ጭረት የመሰለ ነገር ብቅ አለ። ጭረት ነው ብዬ እዚያው ላይ ይበልጥ በረታሁበት። በሦስተኛው ቀን ጎራዴውን ወደ መስኮቱ አዘንብዬ ሳየው ነው ፊደል መሆኑ የገባኝ። አንዲት «ዘ» ቀርታለች። ከሷ በፊትም ከሷ በኋላም የነበረው የለም። አባቴ አላየም። እኔም አልነገርኩትም። ሳልነግረው ሞተ።

ያ ጽሑፍ በመሮ የተቆፈረ አልነበረም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በአሲድ የተበላ ነው፣ ጥልቀቱ ከወረቀት ውፍረት አይበልጥም። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ወደ አገራችን ከገቡት የጎራዴ ብረቶች ብዙዎቹ አውሮፓ፣ በተለይ ጀርመን አገር ዞሊንገን የምትባል ከተማ የተሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ የይሁዳ አንበሳ ምስልና የግዕዝ ጽሑፍ ተደርጎባቸው ነው የመጡት። እጀታውና ሰገባው ግን እዚሁ በኛ ሰው እጅ ተሠራ። ይህን ስነግራቸው የሚከፋቸው ልጆች አሉ፣ «ታዲያ የኛ አይደለማ!» ይላሉ። የናንተ ነው። በቀኝ ጎኑ የታጠቀው፣ አፎቱን ያሰፋው፣ የጨበጠበት ቦታ እስኪሟልጭ የያዘው አያታችሁ ነው።

መጀመሪያ ስሙን ለዩ። አንዳንድ ነጋዴ የተቆለመመ ያየውን ሁሉ ሾተል ይላል። ሾተል እንደ ማጭድ ክፉኛ የታጠፈ፣ በሁለቱም በኩል ስለት ያለው ነው፣ ጋሻን አልፎ ከኋላ ያለውን ሰው እንዲያገኝ። ጎራዴ የሚባለው በአንድ በኩል ስለት፣ በሌላው ደንደስ ያለው፣ ትንሽ ጎበጥ ያለው ነው። ቀጥ ያለው ሰይፍ ነው። የአፋሩ ጊሌ ሰፋ ያለ፣ በሁለት ወገን የተሳለ፣ ከነእጀታው ግማሽ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ሆድ ላይ አግድም የሚታጠቁት ነው። የሱማሌው ጩቤ የቅጠል ቅርጽ አለው፣ የቀንድ እጀታው ጫፍ ላይ ሦስት ሹል ነገር ይወጣለታል፣ አንዴ ካያችሁት ከሌላ ጋር አታምታቱትም። ጀምቢያ የሚባለው የየመን ቆልማማ ጩቤም በሐረርና በድሬዳዋ በኩል ይገኛል፣ ንግዱ አምጥቶታል። ካራን ደግሞ አትናቁ። የሥጋ ካራ የሚሰበስብ ሰው ጥቂት ነው፣ እኔ ግን ከሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ስለ ዕድሜ ደግሞ ነጋዴ የሚላችሁን ሳይሆን ብረቱ የሚላችሁን ስሙ። በመዶሻ የተቀጠቀጠ ስለት ደንደሱ ከእጀታው ሥር ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል። ከላሜራ የተቆረጠው ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፣ በሁለት ጣት ይዛችሁ ብትስቡት ታውቁታላችሁ። የሞረድ ፈለግ ወዲህና ወዲያ ይሄዳል፣ የግራይንደር ፈለግ ግን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እኩል የተሰለፈ ነው። አሮጌ ዝገት ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ ብረቱን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። በባትሪ አሲድ ተነክሮ ወይም እበት ውስጥ ተቀብሮ በወር የወጣ ዝገት ብርቱካንማ ነው፣ በጣታችሁ ስትነኩት ዱቄቱ ይቀራል። ሰገባውን አሽቱት። የጫማ ቀለም ከሸተታችሁ ተመለሱ። ስለቱ ሰገባው ውስጥ እንደ ማንኪያ በብርጭቆ ከተንኳኳ ሁለቱ አብረው አላረጁም ማለት ነው።

አንድ ጊዜ «የምኒልክ ዘመን ነው» ተብሎ ጎራዴ ቀረበልኝ። እጀታውን የያዘው ቪቴ የመስቀል ካቻቪቴ የሚገባበት ነበር። የመስቀል ቪቴ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው፣ ምኒልክ ያረፉት በ1906 ዓ.ም.። ቪቴው ለጥገና በኋላ የገባ ሊሆን ይችላል ብዬ ሌላውንም አገላብጬ አየሁ። ብረቱም ላሜራ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ እጀታው አናት ላይ ጠገራ ብር የተተከለበት መጣልኝ። ሻጩ 1780 የሚለውን ቁጥር በጣቱ እያሳየ «ይኸው ዓመተ ምህረቱ» አለኝ። ጠገራ የምንለው የማርያ ቴሬዛ ብር፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ከሞቱም በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሲታተም ቁጥሩ ሁሌም ያው 1780 ነው። ስለዚህ ያቺ ብር ስለ ጎራዴው ዕድሜ ምንም አትነግራችሁም።

እናንተ ደግሞ ፈረንጅ ሰብሳቢ የሌለው ነገር አላችሁ፣ ፊደል ታነባላችሁ። ለቱሪስት በችኮላ የተሠራ ጽሑፍ ላይ ዐይኑ «ዐ» እና አልፋው «አ» ይምታታል፣ ንጉሡ «ሠ» እና እሳቱ «ሰ» ይገለባበጣል፣ የግዕዙ ቁጥር ትርጉም አይሰጥም። ሁለት ደቂቃ ቆማችሁ አንብቡ።

ይህ ሁሉ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው ሰው አፍ ውስጥ ነው።

ባቲ ሰኞ ገበያ ሄጄ አንድ የአፋር ሽማግሌ ያጋጠሙኝ ጊዜ ትዝ ይለኛል። የታጠቁት ጊሌ ዓይኔን ያዘው። እጀታው እንጨት ሆኖ በናስ ቀለበት የታሰረ ነው፣ ናሱ ከመታሸት ብዛት ሳስቷል። አማርኛና አፋርኛ የሚያውቅ አንድ ጨው ነጋዴ አስተረጎመልን። «ይሸጡልኝ» አልኩ። ሳቁ። ከዚያ መዘዙትና ደንደስ የለውምና ሆዱን በጥፍራቸው መታ አደረጉት፣ ረዘም ያለ ድምፅ ሰጠ። «ባሌስትራ ነው» አሉኝ። ባሌስትራ የምትለዋን ቃል ማስተርጎም አላስፈለገም። አባታቸው በአሰብ መንገድ ላይ ከተሰበረ ከባድ መኪና የወለቀ ባሌስትራ በሁለት ፍየል ገዝተው ነው ያስቀጠቀጡት። አንዱ ባሌስትራ ሦስት ጊሌ ወጣው፣ ለሦስት ወንድማማች። ሁለቱ የት እንዳሉም ያውቃሉ። ያንን ጊሌ አንድ ነጋዴ እጅ ብታገኙት «የ200 ዓመት ቅርስ» ብሎ ይሸጥላችሁ ነበር፣ እናንተም ያንን ጽፋችሁ ታስቀምጡት ነበር። አልገዛሁትም። ታሪኩን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፣ ርዝመቱን ለካሁ፣ አመስግኜ ሄድኩ። ከስብስቤ ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው፣ ቤቴ ግን የለም።

ደብተር ያዙ። ከየት መጣ፣ ማን አሠራው፣ ማን ቀጠቀጠው፣ ለምን ይጠቀሙበት ነበር፣ በቤቱ ማን ነበር የሚስለው። ስልካችሁ ላይ ድምፅ ቅዱ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

በተለይ ስለ ቀጥቃጩ ጠይቁ። በእጄ ያለፈ የአገር ቤት ስለት ላይ የሠሪ ስም አይቼ አላውቅም። ምክንያቱ ያሳምመኛል። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ካራውን የሚሠራልንን ሰው ቡዳ፣ ጠይብ እያልን ነው የኖርነው። አብረነው አንበላም፣ አንጋባም፣ የሠራውን ግን እንታጠቃለን። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው እንዳትሰድቡ ብለው እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ኦሮሞው ቱምቱ ይለዋል፣ ሱማሌው ቱማል፣ ኮንሶም የራሱ ስም አለው፣ መገለሉ ግን ዞሮ ዞሮ በየቦታው ይመሳሰላል። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ ቤተ እስራኤሎች በወናፍና በመስፍ ሲሠሩ ነበር የኖሩት። አሁን እስራኤል ያላችሁ ልጆች፣ አያታችሁ ቀጥቃጭ ከነበሩ ዛሬ ደውሉላቸው። ከሰልን ከምን እንጨት ያወጡ ነበር? ብረቱን ከየት ያመጡ ነበር? ስለቱን በምን ያበርዱት ነበር፣ በውሃ ወይስ በሌላ? እኔ 32 ዓመት ብረት ማጠንከርን ከመጽሐፍ አስተማርኩ፣ እነሱ ቀለሙን ብቻ አይተው ይሠሩት የነበረውን። ቁጭ ብዬ የጠየቅኳቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ በጣም ዘግይቼ።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፣ «የአያቴ ነው» ማለት ቦሌ ላይ አያሳልፋችሁም። የአውራሪስ ቀንድ እጀታ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፣ ንግዱ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት የታገደ ነው። ለመለየት ከኋላው መብራት አብሩበት። የአውራሪስ ቀንድ እንደ ማር ቀላ ብሎ ብርሃን ያሳልፋል፣ የተቆረጠበት ጫፍ ላይ ፀጉር ተጠቅልሎ የተቆረጠ ይመስል ጥቃቅን ነጥብ ይታያል። የበሬና የጎሽ ቀንድ ግን ንብርብር ነው። የአውራሪስ ከሆነ አትግዙ፣ አትሽጡ። ከአያታችሁ ከወረሳችሁት ለቅርስ ባለሥልጣን አስመዝግቡት።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ ጨረታ ላይ «መቅደላ» የሚል ምልክት ካያችሁ ቆም በሉ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን በ15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ሸጦታል። ከዚያ የወጣ ዕቃ ዛሬም በየቤቱ አለ። በ2014 መጀመሪያ ላይ ተገዝተው በለንደን ኤምባሲያችን በኩል ወደ አገራችን የተመለሱ ጋሻና ዘውድ ነበሩ። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ከመጫረታችሁ በፊት ለኤምባሲው ንገሩ።

ሐረር ከሄዳችሁ ደግሞ የሸሪፍ ሙዚየምን ሳታዩ አትመለሱ። አብዱላሂ ሸሪፍ በገዛ ቤታቸው ብቻቸውን ጀምረው የሰበሰቡት ነው፣ መጽሐፍ፣ ሳንቲም፣ ጎራዴ፣ ሁሉም አለ። አሁን ያለው ራስ ተፈሪ ይኖሩበት በነበረው ቤት ውስጥ ነው። አንድ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል እዚያ ቆማችሁ ታያላችሁ።

አያያዙ ቀላል ነው። ስለቱን ሰገባው ውስጥ ከታችሁ አትተዉት፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሰገባውን ከጎኑ አድርጉለት። በለስላሳ ጨርቅ ትንሽ የስፌት መኪና ዘይት ቀቡት። ሎሚ፣ አመድ፣ ኮምጣጤ አታስነኩት። ዱቄት የሆነውን ዝገት ብቻ በዘይት ጨርቅ አንሱ፣ ጥቁሩን ተዉት። ካራ ከሆነ መሳል አያስፈልገውም። አንድ ካራ አለኝ፣ ከአርባ ዓመት በላይ አንድ ቤት ውስጥ የተሳለ ነው፣ መሐሉ ላይ ወደ ውስጥ ገብቶ ወገብ አውጥቷል። ያንን ወገብ ያወጡት ሴትዮ የቀኝ እጅ አውራ ጣታቸው የሚያርፍበት የእጀታው እንጨት ተሰርጉዷል፣ እኔ ስይዘው አውራ ጣቴ ራሱ እዚያው ይገባል።

ለልጁ መለስኩለት። «ዋጋውን ተወው። አያትህን የሚያውቅ ሰው በሕይወት አለ?» አልኩት። አንዲት አክስት አሉ አለኝ።

እኔም አክስት ነበሩኝ። ጎራዴውን ካበላሸሁት ሃያ ዓመት አልፎ ነው የጠየቅኳቸው። ዓይናቸው ፈዟል፣ ምድጃው ዳር ተቀምጠዋል። «እትዬ፣ ያ የአባባ ጎራዴ ላይ ምን ተጽፎ ነበር?» አልኳቸው። ማንበብ አልተማሩም። «ጽሑፉን አላውቅም፣» አሉኝ። «ሕፃን ሆኜ ግን ማንም ሳያየኝ ወንበር ላይ ወጥቼ በጣቴ እዳብሰው ነበር። አንበሳ ነበረበት። ጅራቱ ወደ ላይ የታጠፈ። መስቀል ይዟል።» ጠቋሚ ጣታቸውን አነሱና አየሩ ላይ ቀስ አድርገው ሣሉልኝ፣ ከጅራቱ ጀምረው።