ፍላዩን ከመቀየርህ በፊት ውኃውን ለካው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት፤ በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ሐይቁም ከበረዶ ገና መላቀቁ ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ ወጥተህ ስትወረውር ውለህ አንድ ትራውት (የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ነው) እንኳ አልነካህም። ስለዚህ የትኛውን ፍላይ (ነፍሳት እንዲመስል መንጠቆ ላይ የታሰረ ማታለያ) ልግዛ፣ ወንዝ ይሻላል ወይስ ሐይቅ፣ ፍላዩ የሚታሰርበትን ክርስ ላቅጥነው ወይ ብለሃል። የፍላዩን ነገር ለኋላ ላቆየውና ከሌላው ጫፍ ልጀምር። በጸደይ ባዶ እጅ የሚያስገባው አብዛኛውን ጊዜ ፍላዩ ሳይሆን ሰዓቱና ጥልቀቱ ነው፤ ሁለቱንም የሚወስነው ደግሞ የውኃው ሙቀት ነው። ለአዳዲስ ፍላይ ካሰብከው ገንዘብ ቀንሰህ መጀመሪያ ትንሽ ቴርሞሜትር ግዛ፤ በክር አስረህ ኪስህ ውስጥ ትኑር።

የትራውት ገላ ሙቀት ከውኃው ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ውኃው 4 ወይም 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ምግብ የሚፈጨው በጣም ቀስ ብሎ ስለሆነ አፉ ድረስ የመጣለትን ይቀበል እንደሆነ እንጂ ተነሥቶ አያባርርም። 7 እና 8 ላይ ይነቃል። ከ10 እስከ 16 ባለው ጥሩ አድርጎ ይበላል። 20 ሲጠጋ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን እያነሰ ዓሣው ስለሚጨነቅ ማጥመዱን መተው ነው፤ ይህ ግን የአሁን ችግርህ አይደለም።

እንግዲህ ጎሕ ሲቀድ ውኃ ዳር መገኘት ለሞቃቱ ወራት የሚሠራ ምክር ነው። በጸደይ መጀመሪያ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረ ወንዝ ላይ ንጋት የቀኑ ክፉ ሰዓት ነው። ቁርስህን ተረጋግተህ ብላ፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ይበቃሃል። ግን አንድ ወጥመድ አለ። ወንዝህ ከተራራ በረዶ የሚመጣ ከሆነ ፀሐዩ በበረታ ቀን የቀለጠው ውኃ ከሰዓት በኋላ ወይም ወደ ማታ አንተ ያለህበት ይደርሳል። ሲደርስ ወንዙ ይሞላል፣ ይደፈርሳል፣ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጥሩው ጊዜ ፀሐይ ውኃውን ካሞቀችው በኋላ፣ ቅላጩ ከመድረሱ በፊት ያለው ነው። ይህን ለማወቅ እንደ ደረስክ ውኃው ጫፍ ላይ አንድ ድንጋይ አስቀምጥ፤ በየሰዓቱ ድንጋዩንም ቴርሞሜትሩንም እይ። ድንጋዩ ከተዋጠና ሙቀቱ አንድ ዲግሪ ከወረደ ቅላጩ መጥቷል። ያኔ ፍላይ መቀያየር ጊዜ ማቃጠል ነው፤ ከምንጭ ወደሚነሣ ገባር ወይም ወደ ሐይቁ ሂድ። ከከርሰ ምድር የሚወጣ ምንጭ ሙቀቱ ብዙም ስለማይዋዥቅ በእንዲህ ያለ ቀን ያድንሃል።

ወንዙ ሲሞላ ሁሉም ሰው ዓይኑን የሚጥለው መሐሉ ላይ ነው። ዓሣው እዚያ የለም። በቀዝቃዛ ውኃ ጉልበቱን መቆጠብ ስላለበት ዳር ዳሩን ይይዛል፦ ከትልልቅ ድንጋይ ፊትና ኋላ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት የውስጥ ጎን፣ ፈጣኑና ዝግ ያለው ውኃ ጎን ለጎን በሚሄዱበት መስመር ላይ። መስመሯን አረፋው ተሰልፎ ሲወርድ ታውቃታለህ፤ አረፋውን የሚሸከመው ፍሰት ምግቡንም ይሸከማል። ብዙ ጊዜ ዓሣው ከዳርቻው ሁለት ክንድ ቢርቅ ነው። ስለዚህ ከመግባትህ በፊት ሣሩ ላይ ቆመህ እግርህ ሥር ያለውን ውኃ አጥምድ። ዌደሩን (ውኃ የማያስገባውን የአጥማጅ ሱሪ) እንደ ለበሰ ዘው የሚለው ሰው ሊይዘው የመጣውን ዓሣ በእግሩ እያባረረ ነው። ትራውት ፊቱን ወደ ፍሰቱ አዙሮ ስለሚቆም ከታች ወደ ላይ፣ ከኋላው ቅረበው። መደፍረሱም ብቻውን አይመልስህ፤ ክንድህን ውኃ ውስጥ ስታጠልቅ የጣቶችህ ጫፍ ከታየህ ይጠመዳል። ያኔ ተለቅ ያለና ጠቆር ያለ ፍላይ አድርግ።

አሁን ወደ ፍላዩ። ከመግዛትህ በፊት ውኃው ዳር መዳፍ የሚያክል ድንጋይ አንሥተህ ገልብጠውና ቀረብ አድርገህ እየው። ጠፍጣፋ ሆነው ድንጋዩ ላይ የተለጠፉ፣ ስትነካቸው ወደ ጎን የሚሸሹ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጭራ ያላቸው ሜይፍላይ የሚባለው ነፍሳት ኒምፎች (ገና ክንፍ ሳያወጡ ውኃ ውስጥ የሚኖሩት) ናቸው። ሁለት ጭራ ያላቸውና ረዘም ያሉት ስቶንፍላይ ናቸው። አሸዋና ስንጥር አጣብቀው በሠሩት ቱቦ ውስጥ የተደበቁት ደግሞ ካዲስ። ከሁሉ በላይ የኒምፉን ጀርባ እይ፤ ክንፉ ተጣጥፎ የተቀመጠባት ትንሽ ከረጢት አለች። ከረጢቷ ጠቁራ ካየሃት ያ ነፍሳት ክንፍ አውጥቶ ለመውጣት ተቃርቧል። ሱቅ ውስጥ ይህን የሚነግርህ የለም። ቀለሙንና መጠኑን ካየህ በኋላ ድንጋዩን እንደ ነበረ መልሰህ አስቀምጠው።

ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚበላው ከውኃው በታች ስለሆነ ዋናው ሥራህ ኒምፍ አስመስሎ ከታሰረ ፍላይ ጋር ነው፤ እሱንም ኒምፍ እንለዋለን። አንድ ብቻ ግዛ ብትለኝ ፌዘንት ቴይል እልሃለሁ። ፍራንክ ሶየር የተባለ፣ በእንግሊዝ አገር የኤቨን ወንዝ ጠባቂ የነበረ ሰው የሠራው ነው። ፌዘንት የምትባለውን ወፍ የጅራት ላባ በክር ፋንታ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ስላሰረው በራሱ ክብደት ይሰጥማል። እግር አልሠራለትም፤ የሚዋኝ ኒምፍ እግሩን ሰብስቦ ነውና የሚሄደው። ከ14 እስከ 18 ቁጥር ያዝ (ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሳ)። ከሱ ጋር 8 ወይም 10 ቁጥር ጥቁር የስቶንፍላይ ኒምፍ፣ ጥቁርና የወይራ ቀለም ያለው ዎሊ በገር (ትንሽ ዓሣ ወይም አልቅት የሚመስል ተለቅ ያለ ፍላይ)፣ ለሐይቁ ጥቁርና ቀይ የካይሮኖሚድ ፑፓ (ትንኝ መሰል ነፍሳት ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ያለውን የሚመስል)፣ ለላዩ ደግሞ 18 ቁጥር የወይራ ቀለም ደረቅ (ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ) ፍላይ ካለህ ጸደይን ትዘልቃለህ። ሣጥን ሙሉ ፍላይ የሚሸጥልህ ሰው የሚያስበው ለራሱ ነው።

አጣጣሉ ከዓይነቱ ይበልጣል። ከበድ ያለውን ኒምፍ ከላይ፣ ትንሹን ከሱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገህ እሰር። ዓሣ ሲነካ የሚያሳይህን ተንሳፋፊ ምልክት ከከባዱ ኒምፍ በላይ የውኃውን ጥልቀት አንድ ጊዜ ተኩል በሚሆን ርቀት ላይ አድርግ፤ ውኃው 1 ሜትር ከሆነ 1 ሜትር ተኩል ማለት ነው። አልፎ አልፎ ታቹን መንካት አለብህ። መንጠቆህ ድንጋይ ነክቶ የማያውቅ ከሆነ ዓሣው ካለበት በላይ ነው የምትጓዘው፤ ክብደት ጨምር። ቀጥሎ ምልክቱን ከአጠገቡ ካለው አረፋ ጋር አስተያየው። ከአረፋው ከቀደመ ገመድህ እየጎተተው ነው፤ ኒምፉም እንደ ምግብ አይሄድም። ከታች ያለው ውኃ ከላዩ ይልቅ ዝግ ስለሚል በደንብ የወረደ ምልክት ከአረፋው ትንሽ ወደ ኋላ ይላል። ገመዱ መሐሉ ላይ ወደ ወንዙ መውረጃ ከጎበጠ የዘንግህን ጫፍ አንሥተህ ጉብጠቱን ወደ ወንዙ መምጫ ገልብጠው። ሌላም አለ፦ በቀዝቃዛ ውኃ የሚበላ ትራውት ምልክቱን ጭልጥ አድርጎ አያሰጥመውም። ቆም ይላል፣ ዘንበል ይላል፣ በቃ። ድንጋይ ነው ብለህ የተውካቸው ብዙዎቹ ዓሣ ነበሩ። በጥርጣሬ ዘንግህን አንሣ፤ ማንሣት አያስከፍልም።

ዳመና የዋለበት፣ ካፊያ ያለበት ቀን ካገኘህና ውኃው 7 ወይም 8 ዲግሪ ካለፈ ቤቲስ የሚባለውን ትንሹን ሜይፍላይ ጠብቅ። ቀትር ካለፈ በኋላ ክንፋቸውን እንደ ሸራ ያቆሙ ደቃቅ ነፍሳት ፍሰቱ ላይ ተደርድረው ሲወርዱ ታያለህ። ብርዱና እርጥበቱ ክንፋቸውን ቶሎ ስለማያደርቅላቸው ውኃው ላይ ይቆያሉ፣ ዓሣውም ይነሣል። ደረቁን ፍላይ ለመወርወር አትቸኩል፤ አነሣሡን እይ። ጀርባና ጭራ ብቻ ብቅ ብሎ ከጠፋ፣ አረፋም ካልተወ፣ የሚለቅመው ከላዩ ትንሽ ዝቅ ብለው ገና የሚወጡትን ነው፤ ያለ ክብደት የታሰረ ትንሽ ኒምፍ ስጠው። አፉ ወጥቶ የአረፋ ክብ ከተወ ደረቁ ይሠራል።

ሐይቁ ሌላ ጠባይ አለው። ውኃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ነው። በረዶው ከሄደ በኋላ ላዩ ሞቆ 4 ሲደርስ ላይና ታቹ እኩል ስለሚሆኑ ነፋሱ ሐይቁን ከላይ እስከ ታች ያማስለዋል። ኦክስጅን በየቦታው የሚዳረሰው ያኔ ነው፤ ነገር ግን ከታች የነበረው ዝቃጭና ኦክስጅን ያነሰው ውኃ ስለሚወጣ ለጥቂት ቀናት ዓሣው ይደነዝዛል። ሐይቁ ድንገት ደፍርሶ ስብርባሪ ቅጠል ከተንሳፈፈበት ይህ ነውና ተወው፣ ወደ ወንዙ ሂድ። ከጠራ በኋላ ግን ለጀማሪ ከወንዙ ይልቅ ሐይቁን እመርጥልሃለሁ። ፀሐይ ቀድማ የምታሞቀው ጥልቀት የሌለውን፣ ታቹ ጥቁር ጭቃ የሆነውን ዳርቻ ነው፤ ምግቡም ዓሣውም ወደዚያ ይመጣል፤ በጀልባ የምትደርስበት ሳይሆን ከዳር የምትወረውርበት ርቀት ላይ። ቀላል ነፋስ ረዘም ላለ ጊዜ ከነፈሰ የሞቀውን የላይ ውኃ ወደ ማዶ ስለሚገፋው ነፋሱ የሚመታውን ዳር ሞክር። ፊትህ ላይ እየነፈሰ መወርወር ያበሳጫል፤ ቴርሞሜትሩን ሁለቱም ዳር ነክረህ እይና ፍረድ።

እዚያ ዋናው ምግብ ትንኝ የሚመስለው ካይሮኖሚድ ነው። ገና ትል መሳይ ሳለ ጭቃ ውስጥ ይኖራል፤ ኦክስጅን በሌለበት ለመኖር በደሙ ሄሞግሎቢን ስላለው ብዙዎቹ ዝርያዎች ቀይ ናቸው። ፑፓ ሲሆን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ትራውቱ ግን ገና ከታቹ ሳይርቅ ይለቅመዋል። ስለዚህ ጥልቀቱን በግምት አትተወው። መንጠቆህ ላይ ከባድ ነገር አንጠልጥለህ ታቹ እስኪነካ አውርድ፣ ምልክቱን ውኃው ገጽ ላይ አሰልፈው፣ ከዚያ ፍላዩ ከታቹ 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል አሳጥረው። ወርውረህ ዝም በል። አዎ፣ ዝም። የሚንቀጠቀጠው ሞገድ የሚሰጠው እንቅስቃሴ ይበቃዋል። ትዕግሥትህ ካለቀ ገመዱን በጣቶችህ ጥቂት ጥቂት እየጠቀለልክ ሳብ። የወንዝ ትራውት አንድ ቦታ ቆሞ ምግብ ይጠብቃል፤ የሐይቁ እየዞረ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጥሩ ጥልቀት ላይ ካለህ እሱ ይመጣልሃል እንጂ አንተ አትሩጥ።

ስለ አረማመድ አንድ ነገር። ሬይንቦ ትራውት የሚራባው በጸደይ ነው። ጠጠሩ መሐል ከአካባቢው ይልቅ ነጣ ብሎ የተጠረገ ሞላላ ቦታ ካየህ ጎጆው ነውና አትርገጠው፣ ላዩ የቆሙትንም ዓሦች አታጥምድ። ብራውን ትራውት በጸደይ ሳይሆን ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ቢራባም ጫጩቶቹ ከጠጠሩ የሚወጡት አሁን ነው። ሞልቶ በሚወርድ ውኃ ደግሞ ከጉልበትህ በላይ አትግባ፤ የዌደሩ ቀበቶ ይጥበቅ፣ በትር ያዝ።

ክሩን በተመለከተ፣ አታቅጥነው። በጸደይ ውኃው ብዙ ጊዜ ስለሚደፈርስ ዓሣው ክር የሚመረምርበት ፋታ የለውም። ለወንዝ ኒምፍ 4ኤክስ (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ ይቀጥናል)፣ ማለትም 0.18 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለዎሊ በገር 3ኤክስ ወይም ከዚያ ወፈር ያለ። 5ኤክስና 6ኤክስ የሚያስፈልግህ ለደቃቁ ደረቅ ፍላይና በጠራ ሐይቅ ላይ ነው። ወፈር ያለ ክር ዓሣውን ቶሎ እንድታወጣው ያደርጋል፤ ብዙ የታገለ ዓሣ ብትለቀውም ላያገግም ይችላል። ስትይዘው እጅህን አስቀድመህ አርጥብ፣ ከውኃው አታውጣው፣ ፊቱን ወደ ፍሰቱ አድርገህ ያዘውና ራሱ ከእጅህ ሲወጣ ልቀቀው።