ስለ ድንጋይና ስለ ዓለም ጉድ ጠይቁኝ

ጋሽ ባልጩት፦ በሉ መብራት ሳይሄድ ጠይቁ። ዋጋ አትጠይቁኝ፣ ፎቶ በቀን ብርሃን፣ ከጎኑ ሳንቲም አድርጉ።

የመንዟ ልጅ፦ ጋሼ፣ አጎቴ ከመዘዞ ያመጣልኝ ኦፓል የሚሉት የከበረ ድንጋይ ሦስት ወር ሳይሞላው ተሰነጠቀብኝ፣ ምን አጥፍቼ ነው?

ጋሽ ባልጩት፦ ምንም አላጠፋሽም ልጄ፣ የመዘዞው አመሉ ነው። ኦፓል ውስጡ ውሃ ያለበት ሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) ነው፤ በዓይን የማይታዩ የሲሊካ ኳሶች ጉሊት ላይ እንደተደረደረ ብርቱካን እኩል እኩል ሲቀመጡ ብርሃኑን ይበትኑትና ቀይ አረንጓዴው ይጫወታል እንጂ ቀለም ተቀብቶ አይደለም። የመዘዞው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገበያ ሲወጣ ያ ቸኮላት የመሰለ መልኩ ጉድ አስብሎ ነበር፣ ግን ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ስሙን አጠፋው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ወገል ጤና ላይ የወሎው ተገኘና ገበያውን ወሰደ። እሱ ደሞ ውሃ ይጠጣል! ስትነክሪው ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ጥርት ይላል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። መጀመሪያ ሳየው አበላሸሁት ብዬ እንቅልፍ አጥቼ አድሬያለሁ። ዘይት ግን እንዳታስነኩት።

የወሎ ልጅ፦ 😂 የኛው እንደ መዘዞው አይሰነጠቅም

የመንዟ ልጅ፦ ውሃ ጠጥቶ ቀለሙ የሚጠፋ ድንጋይ ይዘህ ነው?

ዳጊ፦ ዋጋው ስንት ነው ጋሼ

ጋሽ ባልጩት፦ መጀመሪያ ምን አልኩ?

ሜሪ፦ አሜሪካ በረሃ ላይ ድንጋይ ብቻውን ይሄዳል የሚሉት እውነት ነው?

ጋሽ ባልጩት፦ ይሄዳል፣ ሰይጣን ግን የለበትም። ሌሊት የረጋው ስስ በረዶ ቀን ሲሰባበር ነፋስ እየነዳ ድንጋዩን ይገፋዋል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ተረጋግጧል። ቀጥሉ።

የጣርማበር ልጅ፦ ገደሉ ላይ ስድስት ጎን ያላቸው ምሰሶዎች አሉ፣ የጥንት ሰው የጠረባቸው ናቸው

ዝምተኛው፦ ገደል ላይ ቆሞ ማን ጠረበው? 😂

የጣርማበር ልጅ፦ ላሊበላን ማን ጠረበው?

ጋሽ ባልጩት፦ ላሊበላን ተዉት። ላቫ፣ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ቅልጥ ድንጋይ፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ኩሬ ሲደርቅ ጭቃው እንደሚሰነጠቀው ማለት ነው፣ ስንጥቁ ወደ ታች ሲወርድ ምሰሶ ይሆናል። ሰሜን አየርላንድ 40,000 የሚሆን አለ፣ እነሱም ግዙፍ ሰው ሠራው ይሉ ነበር።

ዳጊ፦ (ፎቶ) ይሄ ኦፓል ነው?

ጋሽ ባልጩት፦ ጨለማ ነው የላክልኝ። ሳንቲሙስ?

ዳጊ፦ ሳንቲም የለኝም ጋሼ

ጋሽ ባልጩት፦ ሳንቲም ሳይኖርህ ነው ዋጋ የምትጠይቀው?