የባንክ ቅጥር የቁጥር ፈተና ላይ ሰዓት ለሚያልቅባት እህቴ

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተመርቀሽ የባንክ ፈተና ስትወስጂ የቁጥሩ ክፍል ሳያልቅ ሰዓቱ እንዳለቀብሽ ጽፈሻል። አይዞሽ። እኔም መጀመሪያ የተፈተንኩ ጊዜ ግማሹን ሳልነካው ነው ወረቀቱ የተሰበሰበው። ሒሳቡ ከስምንተኛ ክፍል ብዙም አያልፍም፤ የሚጥለው ሰዓቱ ነው።

መቶኛ ላይ ቆይ ብለሽ ሥሪ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። አዘዞ ገበያ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ከ12,000 ወደ 15,000 ብር ወጣ እንበል። ጭማሪው 3,000 ነው፤ ለመነሻው ለ12,000 ሲካፈል 25 በመቶ ይሆናል። ተመልሶ 12,000 ቢገባ ግን ቅናሹ 20 በመቶ ነው። አሁን መነሻው 15,000 ሆኗላ! ሁሌም «ከየትኛው ቁጥር ተነስቶ?» በይ።

ሠንጠረዥ ሲመጣ ጥያቄውን ቀድመሽ አንብቢ። ከዚያ መለኪያውን እዪ፤ በሺህ ብር ነው በሚሊዮን? ምርጫዎቹ ከተራራቁ ገምተሽ እለፊ። ከ500 ላይ 20 በመቶው 100 ነው፤ ስለዚህ ከ498 ላይ 19 በመቶው ከ100 ትንሽ ያንሳል፤ ይበቃል።

በቀን 20 ጥያቄ በ20 ደቂቃ፣ የስልክሽን ሰዓት ሞልተሽ ሥሪ። ካልኩሌተር ካልተፈቀደ ከዛሬ ጀምሮ አትንኪው። የተሳሳትሻቸውን ደብተር ላይ ያዢ፤ በሳምንቱ መልሱን ሳታዪ ድገሚያቸው። በጣም የከበደሽን አንዱን ላኪልኝ፣ አብረን እንሠራዋለን።