ዡራ ደረሰሽ? ከወይኑ ሌላ ያለውን ልንገርሽ

ውድ እህቴ፣ «መኖሪያ ዡራ ደረሰኝ። ገጠር ነው፣ ከወይን በቀር ምንም የለም ይሉኛል። ሥራ አገኛለሁ ወይ? የትኛውስ ከተማ ይሻላል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ዡራ ከፈረንሳይ ምሥራቅ፣ ከስዊዘርላንድ ድንበር ላይ ነው። እንደ ደረጃ አድርገሽ አስቢው። ከታች ሜዳው አለ። ቀጥሎ የወይኑ ተዳፋት፣ ከዚያ አምባው፣ ከላይ ጥድ የለበሰው ተራራ። እያንዳንዱ ደረጃ ሥራውም ብርዱም ለየቅል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው ደረጃ ላይ እንደመደቡሽ እወቂ።

ሜዳው ላይ ያለችው ዋና ከተማ ዶል ናት። ፓሪስ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሉዊ ፓስተር በ1822 የተወለደው እዚያ ነው፤ አዲስ አበባ «ፓስተር» የምንለው ሰፈር የተሰየመበት ሰውዬ። ያደገው ግን አርቧ ነው፣ ወይኑ መሃል። ወይን ለምን እንደሚበላሽ ያጠናውም በዚያው አካባቢ ወይን ነው።

እኔም የጀመርኩት አርቧ ነው፤ ወይን ለቀማ። ተዳፋቱ ላይ ያለው አፈር ግራጫ ጭቃ ነው፤ ዝናብ ከነካው ቦቲሽን ይዞ አይለቅም። ማታ ማታ ቦቲዬን በእንጨት ስፍቅ ነበር የማመሸው። ሥራው ጥሩ ነው፣ ሰዎቹም ምሳ አብረው ያበሉሻል። ግን መስከረም ላይ ጥቂት ሳምንት ነው፣ አለቀ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወይኑ 20,000 ሄክታር ገደማ ይሸፍን ነበር። ፊሎክሴራ የሚባል ተባይ ሥሩን በልቶ ጨረሰው። ዛሬ የቀረው 2,000 ገደማ ነው። በወይን ብቻ ዓመቱን እዘልቃለሁ እንዳትዪ።

አንድ ነገር ግን ሳታዪ አትውጪ፦ «ቫን ዦን»፣ ቢጫው ወይን። ሳቫኛን ከሚባል ወይን ነው የሚሠራው። ሌላ ቦታ በርሜሉ ሲጎድል ይሞላሉ፤ እዚህ አይነኩትም። ላዩ ላይ እርሾ እንደ ስስ ሻሽ ይጋረድበታል፣ ቢያንስ ስድስት ዓመት ከሦስት ወር ይቀመጣል። ጠርሙሱ ራሱ 62 ሳንቲ ሊትር ነው። ጓዳው ውስጥ ስገባ የለውዝ ዓይነት ሽታ ተቀበለኝ። እናቴ ጠጅ ስትጥል ነው ያደግኩት፤ እርሾን እንዲህ ታግሶ መጠበቅ ሲያዩት ልብ ይነካል።

አምባው የላምና የአይብ አገር ነው። ኮምቴ የሚባለው አይብ ማዕከሉ ፖሊኚ ናት። አንዱ ክብ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ 400 ሊትር ያህል ወተት ይበላል። ለአንድ ገበሬ ይሄን ሁሉ ወተት ማግኘት ከባድ ስለነበር ከጥንት ጀምሮ ወተታቸውን አንድ ላይ ያዋጣሉ። አይቡን በጓዳ የማገላበጥና በጨው የማሸት ሥራ ዓመቱን ሙሉ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ወገብ ይፈትናል፣ ደመወዙ ግን አይቋረጥም።

ጨው ካልኩ፣ ሳላን የምትባለው ከተማ በጨው ነው የቆመችው። ከመሬት ሥር ጨዋማ ውሃ ያወጡና እያፈሉ ጨው ያደርጉት ነበር። ማገዶው ሲመናመን ውሃውን በእንጨት ቧንቧ 21 ኪሎ ሜትር ወስደው አርክ-ኤ-ሴናን በሚባል መንደር፣ ጫካ አጠገብ ማፍላት ጀመሩ። እንጨቱን ከማምጣት ውሃውን መላክ ይሻላል ብለው! የሎን-ለ-ሶንዬ ስምም ከጨው የመጣ ነው። ያቺ የአውራጃው ዋና ከተማ ናት፤ ፕሬፌክቸሩም (የአውራጃው የመንግሥት ቢሮ) እዚያው ነው። የምትስቅ ላም ሥዕል ያለበት ሦስት ማዕዘን አይብ ታውቂያለሽ አይደል? በ1921 የተጀመረው እዚያ ነው።

ላይ ተራራው በረዶ ነው። ድሮ ገበሬው የበረዶውን ወራት ሙሉ ቤት ሲዘጋበት እጁን ሥራ አስተማረው። ሞሬ መነጽር፣ ሳን-ክሎድ የእንጨት ፒፓ፣ ሞይራን መጫወቻ የሚሠሩት ከዚያ የተነሳ ነው። የፋብሪካ ሥራ ከፈለግሽ ወደዚያ ጠይቂ። ግን መኪና ከሌለሽ ብርዱ ላይ ትቸገሪያለሽ።

ምርጫ ከሰጡሽ ዶልን ወይም ሎን-ለ-ሶንዬን በይ። ባቡር አለ፣ ቢሮዎቹም ቅርብ ናቸው። አርቧ ውብ ናት፣ ነገር ግን ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመቴ በዝናብ ስንቴ በእግሬ እንደሄድኩ እኔ ነኝ የማውቀው። መንጃ ፈቃድ ካለሽ ከአሁኑ የማስለወጡን ነገር ጀምሪ፤ ጊዜ ይወስዳል። የከተማዋን ስም ሲነግሩሽ እዚህ ጻፊልኝ፣ አውቶቡሱን ጭምር እነግርሻለሁ።