ጥያቄና መልስ፦ ጓደኞቻችን በየአገሩ፣ ግሩፓችን የት ይሁን?

ስድስት የድሮ የክፍል ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን አሜሪካ፣ ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዱ ቴል አቪቭ። ግሩፓችን ዋትሳፕ ላይ ነው። እኛ ስንጽፍ አገር ቤት ያሉት ተኝተዋል፤ የዱባይዋ ጋ ደግሞ ስንደውል ጭራሽ አይገባም። ወደ ቴሌግራም እንዙር ወይስ እዚሁ እንቆይ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መተግበሪያ የሚመረጠው ሁኔታው ከሁሉም የከበደበትን ሰው አይቶ ነው። በእናንተ ግሩፕ ውስጥ ያቺ ሰው የዱባይዋ ናት። በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ዋትሳፕ ጽሑፍ፣ ፎቶና የድምፅ መልእክት ያሳልፋል፤ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪው ግን ዝግ ነው። ስልኳ አልተበላሸም፣ ኢንተርኔቷም አልደከመም። እባካችሁ «ቪፒኤን ጫኚ» አትበሏት፤ የተዘጋ አገልግሎትን በዚያ መንገድ መክፈት በአገሩ ሕግ ከባድ የገንዘብ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል፣ ጣጣው የሚመጣውም በእሷ ላይ ነው።

ስለዚህ ጽሑፉም ጥሪውም በአንድ መተግበሪያ ይሁን የሚለውን ሐሳብ ተዉት። ለጥሪ ጉግል ሚት ወይም ዙም ያዙ፤ ሁለቱም ዱባይ ይሠራሉ። ከሁለት ሰው በላይ ስትሆኑ በነፃ ዙም 40 ደቂቃ፣ ጉግል ሚት 60 ደቂቃ ይሰጣል። ስድስት ሰው ሰላምታ ተለዋውጦ እስኪጨርስ ሩብ ሰዓት እንደሚሄድ ስለምናውቅ ምርጫችን ሚት ነው።

ለጽሑፍ ወደ ቴሌግራም መዞራችሁን እንደግፋለን፤ ዋናው ምክንያት መልእክት ቀጥሮ መላክ ስለሚቻል ነው። ከሥራ ወጥታችሁ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የምትጽፉት፣ በበጋችሁ፣ አዲስ አበባ የሚደርሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። እንዲህ አድርጉ፦ መልእክቱን ጽፋችሁ የመላኪያዋን ቀስት ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ከሚመጡት ምርጫዎች አንዱ ያለ ድምፅ መላክ ነው፤ ሌላው ቀንና ሰዓት ቆርጦ መላክ። ሁለተኛውን ንኩና እነሱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንዲያገኙት በእናንተ ስልክ ከሌሊቱ 1:00 ብላችሁ ሙሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ቴሌግራም የሚቆጥረው በላኪው ስልክ ሰዓት እንጂ በተቀባዩ አይደለም። የሌሊቱንና የቀኑን 1:00 ካምታታችሁም መልእክቱ አዲስ አበባ የሚገባው ምሽት 2 ሰዓት ነው። አንዴ ከተቀጠረ በኋላ ስልካችሁ ቢጠፋም ይሄዳል፤ የተቀመጠው ቴሌግራም ዘንድ ነው። ሲግናልም በአንድሮይድ ስልክ ላይ መቅጠር ይችላል፣ ግን ሰዓቱ ሲደርስ የላኪው ስልክ በርቶ መገኘት አለበት።

ቴሌግራም ሁለት ድካም አለው። አንደኛ፣ የግሩፕ ጽሑፉ እንደ ዋትሳፕና ሲግናል ከላኪ እስከ ተቀባይ የተቆለፈ አይደለም። የፓስፖርት ፎቶና የባንክ ቁጥር በዚያ አትላኩ። ሁለተኛ፣ በኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም ከፌስቡክ፣ ከዩቲዩብና ከቲክቶክ ጋር ተገድቦ ነበር። ስለዚህ የዋትሳፑን ግሩፕ አታፍርሱት። ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ አንዱ ሲዘጋ ሁሉም ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይወቅ።

ለቅዳሜ «2 ሰዓት» ብለን ተቀጣጠርን። እኛ ምሽት 2 ሰዓት ማለታችን ነበር፤ ዋሽንግተን ያለው ጓደኛችን በእሱ 2 ሰዓት መስሎት አንድ ሰዓት ሙሉ አስጠበቀን። የሰዓት ልዩነቱ ደግሞ አንዳንዴ 7፣ አንዳንዴ 8 ይሆንብናል። (ከአዲስ አበባ)

እውነቱን ለመናገር፣ ከመተግበሪያው ይልቅ ግሩፕ የሚያፈርሰው ይሄ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ምሽት 2 ሰዓት በስልክ 20:00 ነው። ውጭ የቆየ ሰው ሁለቱን አቆጣጠር በየቀኑ ስለሚያፈራርቅ «2 ሰዓት» ብቻ ከተባለ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቀጠሮ ስትጽፉ የከተማውን ስም፣ ጠዋት ወይም ምሽት መሆኑንና ባለ 24ቱን ቁጥር አንድ ላይ አስቀምጡ። ግሩፑ አናት ላይ ፒን የምታደርጉት ጽሑፍ ለአሜሪካና ለእስራኤል በጋ ይህን ይምሰል፦

«ቅዳሜ፦ አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት (20:00)፤ ቴል አቪቭ 20:00፤ ዱባይ 21:00፤ ዋሽንግተን 13:00»

ለክረምታቸው ደግሞ ዋሽንግተን 12:00፣ ቴል አቪቭ 19:00 ይሆናል። አዲስ አበባና ዱባይ ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቁም። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓቷን አንድ ወደፊት ታደርጋለች፤ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ትመልሳለች። 7ና 8 የሚፈራረቁባችሁ በዚህ ነው። እስራኤል ግን የምትቀይረው ከማርች የመጨረሻ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ፣ የምትመልሰውም በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው። በመሃል አንዱ ተቀይሮ ሌላው ያልተቀየረባቸው ቀናት አሉ፤ ከሁሉ የሚያሳስቱት እነሱ ናቸው። ፒን ያደረጋችሁትን ጽሑፍ በእነዚህ አራት ቀኖች አርሙት። ቀጠሮው ደግሞ ሁልጊዜ በአዲስ አበባ ሰዓት ይታሰር፤ የማይንቀሳቀሰውን ችካል ይዞ ሌላውን ማስላት ይቀላል።

በጉግል ካላንደር ብትቀጥሩ ደግሞ ሒሳቡን እሱ ይሠራዋል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው በየሳምንቱ የሚደጋገም ቀጠሮ ይክፈትና የሚት ሊንክ ጨምሮበት የሁሉንም ኢሜይል ያስገባ። ለእያንዳንዱ በሚኖርበት አገር ሰዓት ይታየዋል። ከፋቹ የአዲስ አበባው መሆን አለበት ያልነው በምክንያት ነው፤ ዋሽንግተን ያለው ከከፈተው በየማርቹ የአገር ቤቱ ሰዓት ይዘልላል።

ዱባይ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ዋትሳፔም ቴሌግራሜም የተከፈቱት በኢትዮጵያ ቁጥሬ ነው፤ ሲሙ አሁን የለኝም። ችግር አለው?

አለው፣ ዛሬውኑ ቀይሪው እህታችን። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። የገዛው ሰው ቁጥሩን ዋትሳፕ ላይ ሲያስገባ የማረጋገጫው ኮድ የሚሄደው ለእሱ ነው፤ አንቺ ትወጫለሽ፣ ጓደኞችሽ ግን በስምሽ ከማያውቁት ሰው ጋር ያወራሉ። ዋትሳፕ ላይ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ አካውንት፣ ከዚያ ቁጥር መቀየሪያ የሚለው ውስጥ ግቢ፤ የድሮውንና የዱባዩን ቁጥር አስገቢ። ኮዱ የሚመጣው በአዲሱ ቁጥር ስለሆነ የድሮው ሲም አያስፈልግሽም። ግሩፖችሽም አብረውሽ ይሄዳሉ። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ ስልክ ቁጥርሽን ስትነኪ መቀየሪያውን ታገኛለሽ።

ይህን የምታደርጊው ግን አሁን ያለው ስልክሽ ላይ መተግበሪያዎቹ ክፍት ሳሉ ነው። ስልኩ ከጠፋ ወይም መተግበሪያው ከተሰረዘ እንደገና ለመግባት ኮድ የሚላከው ወደ ድሮው ቁጥር ነው። ከቀየርሽ በኋላ በሁለቱም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሪና የራስሽን የሚስጥር ቁጥር ወይም ፓስወርድ አስቀምጪ። «በስህተት ወዳንቺ ኮድ ልኬያለሁ፣ መልሺልኝ» የሚል ጓደኛ ከመጣ ያ ጓደኛሽ አይደለም፣ አካውንቱን የወሰደበት ሰው ነው።

ግሩፑ ሌሊት ያስነሳኛል፣ ዳታዬንም ይጨርሰዋል። (ከአዲስ አበባ)

ለሌሊቱ ግሩፑን ብቻ ድምፅ ማጥፋት አይበቃም፤ ስምዎን ጠርቶ የጻፈ ሰው መልእክት ድምፅ ያሰማል። የስልክዎን «አትረብሹ» የሚለውን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በራሱ እንዲበራ ይሙሉ፤ በስልኩ 22:00 እና 06:00 ማለት ነው። የወላጆችዎን ቁጥር ከእገዳው ውጭ ያድርጉ።

ለዳታው፣ ዋትሳፕ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ማከማቻና ዳታ የሚናገረውን ይክፈቱ። በሞባይል ዳታ በራሳቸው እንዲወርዱ ከተፈቀዱት ውስጥ ፎቶውን፣ ቪዲዮውንና ፋይሉን ያንሱ። የድምፅ መልእክት ግን እንደዚያም ሆኖ በራሱ ይወርዳል፤ የሚወስደው ዳታም ከቪዲዮ እጅግ ያነሰ ነው። ቴሌግራምም ተመሳሳይ ቦታ አለው፤ አንዱን አስተካክለው ሌላውን ከረሱት ጥቅሉ ማለቁ አይቀርም።