እባክሽ ቅዳሜ ምንም እንዳይቆረጥ (ስለ አዲሱ ቤትሽ ግቢና አበባ ለጠየቅሽው)

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ! "ዲሴምበር ላይ አትላንታ አካባቢ ቤት ገዛን፣ በር ላይ ያሉት ቁጥቋጦዎች ደርቀዋል ባለቤቴ ቅዳሜ ሙልጭ አድርጎ ሊቆርጣቸው ነው፣ አጥሩ ላይ ደግሞ ቢጫ አበባ ያለው ሐረግ ወጥቷል ምንድነው፣ ለፋሲካ እንዲደርስልኝስ ምን ልትከል፣ ልጄ አለርጂ ስላለበት አበባ እፈራለሁ" ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ጆርጂያ ቀይ አፈር ላይ አበባ ስተክል ብዙ አመት ስለሆነኝ የማውቀውን በደንብ ልጻፍልሽ፣ ይረዝማል ግን አንብቢው፣ በተለይ የሐረጉን ነገር።

ልጅ ስላለሽ እሱን ላስቀድም። ፌብሩዋሪ መጨረሻና ማርች ላይ አጥርና ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ትንንሽ ጥሩንባ የሚመስል ደማቅ ቢጫ አበባ የሚያወጣው፣ ሽታው ደስ የሚለው፣ ካሮላይና ጀስሚን የሚሉት ነው። የዚሁ የደቡብ ተክል ነው፣ ከ1924 ጀምሮ የሳውዝ ካሮላይና የስቴት አበባ ነው፣ ቅጠሉ ክረምቱን (የዚህን አገር የብርድ ወራት) ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ ሲያብብ አጥሩን ይሸፍነዋል በጣም ያምራል። ግን ከሥሩ እስከ አበባው መርዝ ነው። ልጆች ሀኒሰክል የሚሉት ሐረግ እየመሰላቸው አበባውን ነቅለው ጣፋጩን ሊጠቡት ይሞክራሉ፣ አደጋው እሱ ነው። ሀኒሰክሉ ኤፕሪልና ሜይ ላይ ነው የሚያብበው፣ ስለዚህ አሁን ቢጫ ሆኖ የወጣውን ማንም አፉ ውስጥ እንዳያስገባ። ንቀይው አላልኩም፣ እኔም ግቢ አለ፣ ልጅሽን ግን አጥሩ ጋ ወስደሽ አሳይተሽ ንገሪው፣ ቡና ስታፈዪም ቄጠማው ላይ እንዳትበትኚው። አንድ ነገር ከተፈጠረ 1-800-222-1222 የመርዝ መረጃ መስመር ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ በነፃ ነው፣ አስተርጓሚም ያገናኙሻል፣ ፍሪጅ ላይ ለጥፊው።

አሁን ወደ ቁጥቋጦዎቹ። ደርቀው ሳይሆን ተኝተው ነው የሚሆነው። እዚህ ቤቶች በር ላይ በብዛት የሚተከሉት አዜሊያ፣ ፎርሲቲያ፣ ካሜሊያ፣ ሃይድሬንጃ ምናምን ናቸው፣ አብዛኞቹ ደግሞ የዘንድሮ አበባቸውን የሠሩት አምና ሰመር ላይ ነው። አዜሊያ ጁላይ አካባቢ እምቡጡን ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ ጫፉ ላይ ይዞት ነው የሚከርመው። ስለዚህ ፌብሩዋሪ ላይ የሚቆረጠው ቅርንጫፍ ሳይሆን የማርችና የኤፕሪል አበባ ነው። ተክሉ አይሞትም፣ ያቆጠቁጣል፣ ግን ስፕሪንግ መጥቶ የጎረቤት ግቢ ሁሉ ሲያብብ የእናንተ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ "ይሄ የማይረባ ነው" ተብሎ ይነቀላል። ብዙ ሰው ጋ እንደዚህ ሆኖ አይቻለሁ፣ ያረጀ ጥሩ አዜሊያ ተነቅሎ ሲጣል ያሳዝነኛል።

መሞቱን ለማወቅ ቀላል ነው። ቀጭን ቅርንጫፍ ያዢና ልጡን በጥፍርሽ ትንሽ ፋቂው፣ ከሥር እርጥብ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ግንዱ እየወረድሽ ሞክሪ። ከዚያ ጫፉን እዪ፣ ሾጠጥ ያለ ቀጭን ከሆነ ቅጠል ነው የሚወጣው፣ ወፈር ብሎ ሆዱ የተነፋ ከሆነ የአበባ እምቡጥ ነው። አንዱን ቆርጠሽ በምላጭ ለሁለት ክፈይው፣ ውስጡ ተጣጥፈው የተቀመጡ ትንንሽ የአበባ ቅጠሎች ታያለሽ፣ ነጣ ወይ አረንጓዴ ካለ ደህና ነው፣ ከመሀል ጠቁሮ ከሆነ ውርጭ መቶታል። ይሄን ለባለቤትሽ አሳይው፣ እጁ ላይ አድርጎ ሲያየው መቁረጫውን ራሱ ነው የሚያስቀምጠው። ቅጠል የሌለው ሁሉ የሞተ እንዳይመስላችሁ ደግሞ፣ የዚህ አገር የጫካ አዜሊያ ክረምት ላይ ቅጠሉን አራግፎ ጭራሮ ሆኖ ይከርምና ማርች መጨረሻ ላይ ቅጠል ሳያወጣ ሮዝ አበባ ያወጣል፣ መንገድ ላይ ድረስ ይሸታል።

ታዲያ መቼ ይቆረጥ ላልሽው፣ አበባው እንደረገፈ ወዲያው። ፎርሲቲያ ማርች መጨረሻ፣ አዜሊያ ሜይ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ እስከ ጁን መጨረሻ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀጥለውን አመት አበባ ነው የምትቆርጪው። አሁን ፌብሩዋሪ ላይ የሚቆረጠው ጽጌረዳና ክሬፕ ሜርትል የሚሉት ትንሽ ዛፍ ነው ምክንያቱም እነሱ በአዲስ ቅርንጫፍ ነው የሚያብቡት፣ ክሬፕ ሜርትሉንም ቢሆን ጉቶ እስኪሆን አታድርጉት ያበላሸዋል። ሃይድሬንጃ ሌላ ጣጣ አለው፣ ትልልቅ ሰማያዊ ኳስ የሚያወጣው ከሆነ አትንኩት በቃ። የመጀመሪያውን አመት ምንም ሳትነቅሉ ማየቱ በጣም ይጠቅማል፣ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ምን እንደተከሉ ግቢው ራሱ እየወጣ ያሳያችኋል። ዛፉ ሥር አንገቱን ደፍቶ አረንጓዴ፣ ነጭ ወይ ወይን ጠጅ የሚያብብ ነገር ካያችሁ ሄለቦር ነው፣ ጃንዋሪ ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም አጋማሽ ይቆያል፣ ጥላ ይወዳል፣ አጋዘን አይበላውም። እንደ ሽንኩርት ቅጠል ብቅ ብቅ ያለ ካለ ዳፎዲል ነው፣ በማጨጃ እንዳታልፉበት።

ስለ ውርጭ ብዙ ሰው ይጨነቃል። እዚህ አገር ፌብሩዋሪ ላይ 70 ፋራናይት ይገባና ሁሉም ያብባል፣ ከዚያ ማርች ላይ በረዶ ይመጣል፣ የተለመደ ነው። በ2017 ፌብሩዋሪው እንደዛ ሞቆ ሞቆ ማርች አጋማሽ ላይ የመጣው ውርጭ የጆርጂያን ብሉቤሪ በጣም ነው የጎዳው። ግቢ ውስጥ ግን ያን ያህል አያስፈራም። ካሜሊያ የተከፈተው አበባ ቡናማ ይሆናል፣ ያልተከፈተው እምቡጥ ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና ታያለሽ። የረገፈውን የካሜሊያ አበባ ሥሩ ላይ አትተዪው ለቅመሽ ጣይው፣ ፈንገሱ እዚያ ከርሞ በሚቀጥለው አመት አበባውን ያበላሸዋል። ዳፎዲል በውርጭ ጠዋት መሬት ላይ ተኝቶ ታገኚዋለሽ፣ ፀሐይ ስትወጣ ቀና ይላል፣ አትቁረጪው። የሚያሳዝነው የጃፓን ማግኖሊያ የሚሉት ትልቁ ሮዝ አበባ ነው፣ እሱ ይቸኩላል፣ አንድ ሌሊት ከመታው የዛ አመቱ አበባ ያልቅለታል። አዲስ የተከልሽው ካለ ማታ አሮጌ አንሶላ አልብሺው፣ ፕላስቲክ አይሁን፣ ጠዋት አንሺለት። ለስላሳ ችግኝ፣ ቲማቲምም ይሁን ቃሪያ፣ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ወደ ውጭ ባታወጪው ይሻላል፣ እኛ አካባቢ ከዚያ በኋላ ነው ልብ የሚያርፈው።

ለፋሲካ ያልሽው ደስ ይላል ግን ፋሲካችን ከፍ ዝቅ ይላል፣ በ2024 ሜይ 5 ነበር በ2025 ደግሞ ኤፕሪል 20፣ ስለዚህ አንድ አበባ ብቻ አትጠብቂ። ኤፕሪል መጀመሪያ ከሆነ ዶግዉድ የሚሉት ዛፍና አዜሊያ በደንብ ይደርሳሉ፣ ኦገስታ ላይ የማስተርስ ጎልፍ ሲተላለፍ ከኋላ የምታዪው ሮዝ ሁሉ አዜሊያ ነው፣ ያ ሜዳ ድሮ ችግኝ ጣቢያ ነበር። ሜይ ውስጥ ከገባ አዜሊያው አልቆ ጽጌረዳና አይሪስ ነው የሚኖርሽ። አሁኑኑ ቀለም ከፈለግሽ ፓንሲ የሚሉትን ትንሽ አበባ ከሆም ዲፖም ከሎውስም ገዝተሽ በር ላይ በአበባ ማስቀመጫ ትከዪ፣ ብርድ አይፈራም፣ ሙቀቱ እስኪመጣ እስከ ሜይ ድረስ ያብባል። አዜሊያውን ደግሞ ማርች መጨረሻ ላይ አብቦ ሲሸጥ ግዢው፣ ቀለሙን በአይንሽ አይተሽ ትመርጫለሽ።

አተካከሉ ላይ ግን ተጠንቀቂ፣ እዚህ ነው አብዛኛው አዜሊያ የሚሞተው። ቀይ አፈራችን ድርቅ ያለ ነው፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረሽ ጥሩ አፈር ሞልተሽ ከተከልሽ ጉድጓዱ እንደ ድስት ውሃ ያቁርና ሥሩ ይበሰብሳል። የአዜሊያ ሥር ደግሞ ላይ ላዩን የሚሄድ ቀጭን ፀጉር ነው። ጉድጓዱን ሰፋ አድርጊው እንጂ አታጥልቂው፣ የሥሩ አናት ከመሬቱ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ እንዲቀር አድርጊ፣ ከፕላስቲኩ ስታወጪው ዙሪያውን የተጠማዘዘውን ሥር በእጅሽ ፈታ ፈታ አድርጊው፣ ከላይ የጥድ ቅጠል አልብሺው፣ ግንዱን እንዳይነካ። የጠዋት ፀሐይ የከሰዓት ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጊለት፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከሆነ ትንንሽ ተባይ ቅጠሉን ይመጠውና ግራጫ ያደርገዋል። ኖራ እና አመድ አትጨምሪበት፣ ኮምጣጣ አፈር ነው የሚወደው። አፈርሽን ማስመርመር ከፈለግሽ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ቢሮ በየካውንቲው አለ፣ አፈር በከረጢት ወስደሽ በትንሽ ብር ይመረምሩልሻል፣ ምን እንደሚጎድለው ጽፈው ይሰጡሻል።

የሚቀጥለው ፌብሩዋሪ ግን የሚዘጋጀው ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ነው። ዳፎዲል ያኔ ነው የሚተከለው፣ አንድ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ጥልቀት፣ ሹሉ ወደ ላይ። አይስ ፎሊስ እና ካርልተን የሚባሉት ዝርያዎች የደቡብን ሙቀት ችለው አመት አመት ይመለሳሉ። አብቦ ሲያልቅ ቅጠሉን ቢጫ እስኪሆን ተዪው፣ የሚቀጥለውን አመት ምግብ የሚያከማችለት እሱ ነው፣ መጎንጎንም ማሰርም የለም። ቱሊፕ ግን እዚህ ብርዱ አይበቃውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ወር ያህል አቀዝቅዘሽ ዲሴምበር ላይ ተክለሽ አንድ አመት ብቻ አይተሽ ነው የምትሸኚው፣ ከፖምና ከሙዝ ጋር አታስቀምጪው እምቡጡ ውስጥ ይሞታል። አንድ ነገር እንዳልረሳ፣ የዳፎዲልም የቱሊፕም ራስ (የሚተከለው) ልክ ሽንኩርት ነው የሚመስለው፣ ዳፎዲል ከተበላ ክፉኛ ያስመልሳል። ቤት ውስጥ እናት አማት የምታበስል ካለች ኪችን ውስጥ አይቀመጥ፣ ፍሪጅ ውስጥ ካለ በትልቁ በአማርኛ ጻፊበት።

ስለ ልጅሽ አለርጂ፣ ዶክተሩን ስሚ፣ እኔ የማውቀው የአበባውን በኩል ነው። ማርች መጨረሻ ላይ መኪናውን ሁሉ ቢጫ የሚያደርገው የጥድ አበባ ዱቄት (ፖለን የሚሉት) ነው፣ ከባድ ስለሆነ ብዙ ሰው ላይ ያን ያህል አያስነጥስም፣ የሚያሠቃየው በአይን የማይታየው የኦክ፣ የበርችና የመሳሰሉት ዛፎች ዱቄት ነው። ማርች 29፣ 2025 አትላንታ ውስጥ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር የተለካው ዱቄት 14,801 ፍሬ ነበር፣ እስከዚያ ቀን ከተለካው ሁሉ ከፍተኛው። አዜሊያም ዳፎዲልም ካሜሊያም ዱቄታቸው በንብና በነፍሳት ነው የሚሄደው እንጂ በነፋስ አይበተንም፣ ስለዚህ እነሱን አትፍሪ። ጠዋት መስኮት ዝጊ፣ ልጁ ከውጭ ሲገባ ልብሱን ቀይሪለት። አንድ ዛፍ ብቻ እንዳትገዢ፣ ብራድፎርድ ፔር፣ ፌብሩዋሪ ላይ ነጭ ሆኖ ያምራል ግን ሽታው መጥፎ ነው፣ በንፋስ ይሰነጠቃል፣ ጫካውን እየወረረ ስለሆነ ሳውዝ ካሮላይና ከ2024 ኦክቶበር ጀምሮ እንዳይሸጥ ከልክላለች። በሱ ቦታ ሬድበድ ትከዪ፣ ማርች ላይ ግንዱ ላይ ሳይቀር ሮዝ አበባ ያወጣል።

ከጥያቄሽ ሥር ኮሜንት ላይ አንዷ እህት "አደይ አበባ ዘር ከአዲስ አበባ በሻንጣ አስመጪ" ያለችሽን እንዳትሰሚ፣ ዘር ያለ ፈቃድ ወረቀት ማስገባት ክልክል ነው፣ ኤርፖርት ላይ ይወስዱብሻል ቅጣትም አለው። ዘመዱ እዚሁ አለልሽ፣ ቢደንስ አሪስቶሳ ይባላል፣ የአሜሪካ የራሷ ተክል ነው፣ ልክ እንደ አደይ ቢጫ ሆኖ ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ላይ ነው የሚያብበው፣ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል። ዘሩን የአገር በቀል ተክል የሚሸጡት ጋ ታገኛለሽ፣ ፎል ላይ (ቅጠል ሲረግፍ) መሬት ላይ በትነሽ በእግርሽ ረገጥ ረገጥ አድርጊው በቃ፣ ራሱን እየዘራ ስለሚሰፋ ግን ጓሮ ጥግ ላይ ይሁን።

የቁጥቋጦዎቹን ፎቶ ከቅርብ አንሺና እዚሁ ለጥፊው፣ ጫፉና ቅጠሉ ካለ ቅጠሉ ይታይ፣ ስማቸውን እነግርሻለሁ።